ነቅለሽ ልትወስጂው ያሰብሽው ነጭ ኦርኪድ

ሰላም እህቴ። ደቡብ ምዕራብ ሚኒሶታ፣ ሣር ሜዳ ላይ ያነሳሽውን ነጭ አበባ ለጥፈሽ «ምንድን ነው? ነቅዬ ጓሮዬ ብተክለው ይጸድቃል?» ብለሻል። ከሁለተኛው ልጀምር። አይጸድቅም፤ እባክሽ እንዳትነኪው።

ፎቶው ላይ የማየው ዌስተርን ፕሬሪ ፍሪንጅድ ኦርኪድ ይመስለኛል። እኔ እዚህ ስቴት ሜዳ ለሜዳ መዞር ከጀመርኩ ቆይቻለሁ፤ ይህን አበባ ባየሁ ቁጥር ግን ደስታዬ ሌላ ነው። ለማረጋገጥ ጎንበስ ብለሽ አንዱን አበባ ብቻ እዪ። የአበባው የታችኛው ቅጠል ሦስት ቦታ ተከፍሎ ጫፉ እንደ ነጠላ ዘርፍ የተተለተለ ነው። ከኋላው ደግሞ አምስት ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝም ቀጭን ቱቦ ይንጠለጠላል። አበባው አነስ ያለ፣ አረንጓዴ ቢጤ፣ ቱቦውም አጭር ከሆነ ግን ሌላ ዘመዱ ነው።

የቱቦው ሥራ ማታ ነው። ሲመሽ ሽታው ይበረታል። የአበባው ማር ቱቦው ውስጥ ታች ስለሆነ፣ የሚደርስበት ምላሱ ረጅም የሆነ ትልቅ የእሳት እራት ነው። እራቷ ጭንቅላቷን ስታስገባ የአበባው ብናኝ ዓይኗ ላይ ይለጠፋል! እሱን ይዛ ወደሚቀጥለው አበባ ትበራለች።

ጓሮ የማይጸድቀው ለምንድን ነው? ዘሩ በጣም ደቃቅ ነው፤ ስንቅ የለውም። አፈር ውስጥ ካለ ፈንገስ ጋር ካልተገናኘ አያድግም። እሱን ነቅሎ መውሰድ መግደል ነው። ሚኒሶታ ውስጥ ደግሞ ኦርኪድ ያለ ፈቃድ መንቀል በሕግ ያስጠይቃል።

አሜሪካ በ1989 የመጥፋት ስጋት ካለባቸው ዕፅዋት መዝገብ ውስጥ አስገብታዋለች። ሚኒሶታ ራሷ ከዚያም በባሰ ደረጃ፣ ሊጠፋ እንደተቃረበ ቆጥራዋለች። ዋናው ጠላቱ ማረሻ ነው። ረጅም ሣር የነበረው ፕሬሪ (ዛፍ የሌለበት ሰፊ የሣር ሜዳ) ታርሶ የበቆሎና የአኩሪ አተር ማሳ ሆነ፤ እሱ የሚወደው እርጥብ ረባዳም በቦይ ተንጠፈጠፈ። በተረፈው ሜዳ ላይም ድርቆሹ ቀድሞ ከታጨደ ዘር ሳይጥል ይቀራል።

ለከርሞ ሄደሽ ብታጪው ሞተ አትበይ። በተለይ ዝናብ ባነሰበት ዓመት መሬት ውስጥ ተኝቶ ሊከርም ይችላል።

አንድ ነገር ልለምንሽ፤ የቦታውን ስም ከፖስትሽ ላይ አሁኑኑ አጥፊው። ኦርኪድ ነቅለው የሚሸጡ ሰዎች አሉ። ፎቶውንና ቦታውን ለስቴቱ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት ላኪላቸው። ለጓሮሽ ደግሞ የፕሬሪ አበቦችን ራሳቸው አፍልተው የሚሸጡ ችግኝ ጣቢያዎች ስላሉ፣ ከፈለግሽ የትኞቹ አበቦች እንደሚቀሉሽ በውስጥ መስመር እነግርሻለሁ።