መልስ፦ የላስት ኦፍ አስ ክፍል 2 ታሪክ የተጠበቀውን ያህል ነው?
የመጀመሪያውን የቪዲዮ ጨዋታ ጨርሰህ የሁለተኛው ታሪክ ይመጥነዋል ወይ ላልከው፦ ይመጥናል፤ ግን የመጀመሪያው ጨዋታ ዋና ገጸ-ባሕርያት የሆኑት የጆኤልና የኤሊ ጉዞ እንዲቀጥል ከጠበቅክ ትናደዳለህ። (ከዚህ በታች የታሪኩን ምስጢር አወጣለሁ፤ ካልፈለግክ እዚሁ አቁም።)

በ2020 ሲወጣ ያን ሁሉ ጭቅጭቅ ያስነሳው የጆኤል ገና በጊዜ መሞት ብቻ አይደለም። ኤሊን ይዘህ ሲያትል ውስጥ 3 ቀን ከተጫወትክ በኋላ፣ ነገሩ ጫፍ ሲደርስ ጨዋታው ይቆረጥና እነዚያኑ 3 ቀናት ጆኤልን በገደለችው በአቢ በኩል ያስጀምርሃል። መሣሪያውም ማሻሻያውም እንደገና ከዜሮ ነው። ብዙ ሰው ተሰላችቶ የሚተወው እዚህ ጋ ነው። የታሪኩ ጉልበት ያለው ግን እዚያው ነው፤ አቢ የምታገኛቸው ወንድምና እህት፣ ሌቭና ያራ፣ እስኪመጡ ታገስ። እውነተኛ ድክመቱ መጨረሻው ላይ ነው፦ ከእርሻ ቤቱ በኋላ የሚመጣው የሳንታ ባርባራ ክፍል ተንዛዝቷል።

ከመጀመርህ በፊት ሌፍት ቢሃይንድ የተባለውን የመጀመሪያውን ጨዋታ ተጨማሪ ክፍል ተጫወት፤ ኤሊን በደንብ ትረዳታለህ። ውጊያው ታሪኩን ካስረሳህ፣ ማስተካከያው ውስጥ የጠላትን ጥንካሬ ቀንስና የምታገኘውን ጥይትና ቁሳቁስ ጨምር፤ ለየብቻ ይስተካከላሉ። በ2025 የተጨመረውን በጊዜ ቅደም ተከተል የሚያጫውት አማራጭ ግን በመጀመሪያው ዙር አትንካው፤ ያ የመሐል ድንጋጤ ይጠፋብሃል።