እናቴ ከ15 አራት አገኘች

ጥያቄ፦ እናቴ ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ትኖራለች። በግምገማው የማስታወስ ነጥቧ ከ15 አራት ሆነ። የልጅ ልጆቿን ልደት ግን አንድ በአንድ ትቆጥርልኛለች! ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ እኔም ይህን ኤምዲኤስ የሚሉትን የነዋሪዎች መገምገሚያ ቅጽ ስሞላ የኖርኩ ነርስ ነኝ። መጀመሪያ ልጠይቅሽ፣ አስተርጓሚ ነበር? ፈተናው «ካልሲ፣ ሰማያዊ፣ አልጋ» አስብሎ ቆየት ብሎ መልሶ ይጠይቃል። ዓመቱን፣ ወሩንና ዕለቱንም ይጠይቃል። በእንግሊዝኛ ከነበረ የተለካው እንግሊዝኛዋ ነው።

በፈረንጆቹ 2016 አንዲት እናት ዓመቱን ሲጠየቁ «2008» አሉ። ባልደረባዬ ዜሮ ሰጠቻቸው። ከአምስት ዓመት በላይ የሳተ ዜሮ ነዋ! በእኛ አቆጣጠር ግን ልክ ነበሩ። እኔም ዕረፍት ላይ ነበርኩ፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

ቅጹን አሳዩኝ በያቸው፤ መብቷ ነው። የምትመርጠው ቋንቋና አስተርጓሚ የሚሞላበት ቦታ አለ፣ እሱን እይ። ከተሳሳተ እርማት ጠይቂ። የእንክብካቤ ዕቅዷ የሚወጣው ከዚሁ ስለሆነ በዕቅዱ ስብሰባ ላይ ተገኚ። ግምገማው ቢያንስ በየ92 ቀኑ ይደገማል፤ ያኔ አስተርጓሚ ይኑር፣ አንቺ አትተርጉሚ። እምቢ ካሉሽ የነዋሪዎችን አቤቱታ የሚሰማውን የግዛቱን ኦምቡድስማን ደውለሽ አናግሪ። የመስሚያ መሣሪያዋንም ባትሪ እይ።