በ2025 የሚኒሶታ ምክር ቤትን ማን ነበር የመራው? ለጠየቅሽው እህቴ

ሰላም እህቴ፣ ለዜግነትሽ እንኳን ደስ ያለሽ። «ምክር ቤቱ 67 ለ67 ነው ይላሉ፤ ታዲያ የሚመራው ማን ነው? ስለ እናቴ የቤት ለቤት እንክብካቤ ለመናገር ብሄድ የማንን በር ላንኳኳ?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ ሴንት ፖል የምኖር የነርስ ረዳት ነኝ። በ2025 ስለ አረጋውያን መንከባከቢያ ሠራተኞች ደመወዝ ለመናገር ካፒቶል (የስቴቱ ምክር ቤት ሕንፃ) ተመላልሻለሁ፤ ያየሁትን ልንገርሽ።

ከስም በፊት አንድ ቁጥር ያዢ፦ 68። የተወካዮች ምክር ቤቱ 134 መቀመጫ አለው፤ ማንኛውም ረቂቅ ሕግ የሚያልፈው ቢያንስ 68 ድምፅ ሲያገኝ ነው። በኖቬምበር 2024 ምርጫ ሪፐብሊካኖቹም ዲኤፍኤሎቹም (የእዚህ ዴሞክራቶች ማለት ነው) እኩል 67 አገኙ። ከዚያ በፊት እንዲህ የሆነው በ1979 ብቻ ነው። ሻኮፒ ከተማ ላይ የዲኤፍኤሉ ብራድ ታብኪ ያሸነፉት በ14 ድምፅ ነበር፤ አሥራ አራት! እኛ ቤተ ክርስቲያን ከቅዳሴ በኋላ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሻይ የሚጠጣው ሰው ከዚያ ይበልጣል። «የኔ ድምፅ ምን ይለውጣል» የሚል ሰው ሲገጥመኝ ይህንን ነው የምነግረው።

ቀጥሎ ሮዝቪል በኩል ያሸነፉት የዲኤፍኤል ዕጩ ሕጉ የሚጠይቀውን ያህል ጊዜ በምርጫ ክልሉ አልኖሩም ብሎ ፍርድ ቤት ወሰነ። ቁጥሩ 67 ለ66 ሆነ። ሪፐብሊካኖቹ «አሁን አብላጫው የኛ ነው፣ አፈ ጉባኤ እንመርጣለን» አሉ። ዲኤፍኤሎቹ ደግሞ ምክር ቤቱ ከመከፈቱ ሁለት ቀን አስቀድመው በታሪክ ማዕከሉ ለብቻቸው ቃለ መሐላ ፈጽመው፣ ጃንዋሪ 14 ምልዓተ ጉባኤ (ስብሰባ ለማካሄድ መገኘት ያለበት የአባላት ቁጥር) እንዳይሟላ አዳራሹ ውስጥ ሳይገቡ ቀሩ። ያን ቀን መድረኩን የያዙት የስቴቱ ጸሐፊ ስቲቭ ሳይመን ምልዓተ ጉባኤ አልተሟላም ብለው ስብሰባውን ቢዘጉም፣ አዳራሹ ውስጥ የቀሩት ሪፐብሊካኖች ከመካከላቸው ሊሳ ዴሙትን አፈ ጉባኤ ብለው መረጡ። ጃንዋሪ 24 የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ምልዓተ ጉባኤ 68 ነው ሲል የተደረገው ሁሉ ፈረሰ።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሄድኩት በዚያው ሰሞን ነው። የሌሊት ፈረቃ ጨርሼ፣ ዩኒፎርሜን ሳልቀይር፣ በግሪን ላይን ባቡር ካፒቶል ደረስኩ። የኮሚቴው ክፍል በር ላይ ስብሰባው መሰረዙን የሚገልጽ ወረቀት ተለጥፏል። የጻፍኳትን ንግግር አጣጥፌ ኪሴ ከትቼ፣ በዚያ ብርድ ወደ ባቡሩ ተመለስኩ። በጣም ተናድጄ ነበር። እውነቱን ለመናገር በሁለቱም ወገን ነው የተናደድኩት፤ ምክንያታቸው የገባኝ ቆይቶ ነው።

ፌብሩዋሪ መጀመሪያ ላይ ተስማሙ። ሊሳ ዴሙት ለሁለቱም ዓመት፣ ለ2025 እና ለ2026፣ አፈ ጉባኤ ይሆናሉ ተባለ። በሚኒሶታ ታሪክ የመጀመሪያዋ ጥቁር አፈ ጉባኤ ናቸው፤ ከሪፐብሊካን ሴቶችም ይህን ወንበር በመያዝ ቀዳሚዋ። የዲኤፍኤል መሪ ስድስት ዓመት አፈ ጉባኤ የነበሩት የብሩክሊን ፓርኳ ሜሊሳ ሆርትማን ሆኑ። ማርች 11 ለሮዝቪሉ ወንበር በተደረገው የማሟያ ምርጫ የዲኤፍኤሉ ዴቪድ ጎትፍሪድ ሲያሸንፉ ቁጥሩ ወደ 67 ለ67 ተመለሰ፤ ከዚያ በኋላ ኮሚቴዎቹ ከየፓርቲው አንድ አንድ፣ ሁለት ሁለት ሰብሳቢ ኖራቸው። የሰብሳቢነቱን መዶሻ እየተፈራረቁ ይይዙታል፤ አጀንዳ የሚያዘው ግን ሁለቱ ሲስማሙ ነው። ከዚህ ውጭ የሆነው የማጭበርበር ቁጥጥር ኮሚቴው ነው፤ እሱ ላይ ሪፐብሊካኖቹ አብላጫ ይዘዋል።

እኔ የተሳሳትኩትም እዚህ ላይ ነው። በሁለተኛው ጉዞዬ «የኛ ወገን» ካልኳቸው ሰብሳቢ ቢሮ ብቻ ገብቼ ወጣሁ። ጸሐፊዋ በትሕትና ሰምታኝ ስታበቃ «ሌላኛውን ሰብሳቢ አነጋግረሻል?» አለችኝ። አላነጋገርኩም። በሚቀጥለው ሳምንት ፈራ ተባ እያልኩ ሄድኩ። የገጠር ክልል ተወካይ ናቸው። በክልላቸው ያለው የአረጋውያን ቤት ሠራተኛ አጥቶ አልጋ ባዶ እያለ ሰው እንደሚመልስ ነገሩኝ። በአንድ ሌሊት ስንት ሰው እንደማገላብጥ፣ ወገቤን እንዴት እንደሚያደርገኝ ጠየቁኝ። እኔ ከሳቸው ጋር የሚያገናኘኝ ነገር አለ ብዬ ጨርሶ አላሰብኩም ነበር።

ሌላኛውን ምክር ቤት፣ ሴኔቱን፣ ባጭሩ፦ 67 መቀመጫ፣ ከ2024 ምርጫ በኋላ ዲኤፍኤል 34 ለ33። የቀድሞዋ የአብላጫ መሪ ኬሪ ዚዚች በዲሴምበር 2024 በካንሰር ስላረፉ እሱም ለጥቂት ሳምንታት 33 ለ33 ሆኖ ነበር። እነሱ ግን ሳይጣሉ ከየፓርቲው አንድ አንድ፣ ቦቢ ጆ ሻምፒዮንንና ጄረሚ ሚለርን፣ ጥምር ፕሬዚዳንት አድርገው ሥራ ጀመሩ፤ ጃንዋሪ 28 የዲኤፍኤሉ ዶሮን ክላርክ ሲመረጡ አብላጫው ተመለሰ። የ2025 የአብላጫ መሪዋ ኤሪን መርፊ በሙያቸው ነርስ ናቸው፤ ለእናትሽ ጉዳይ ይህንን አስታውሺ።

በጀቱ እስከ ሜይ 19 ስላላለቀ ጁን 9 ልዩ ስብሰባ ተጠራ። የስምምነቱ አንድ ክፍል የመኖሪያ ሰነድ የሌላቸው አዋቂ ስደተኞች በዚያው ዓመት መጀመሪያ ያገኙትን የሚኒሶታኬር የጤና ዋስትና ከዓመቱ መጨረሻ ጀምሮ የሚያስቀር ነበር፤ ልጆቹ ይቀጥላሉ። ከዲኤፍኤል ተወካዮች መካከል አዎ ያሉት ሜሊሳ ሆርትማን ብቻ ናቸው። 68 ለ65 አለፈ። ያ ድምፅ ባይኖር በጀቱ ተበላሽቶ የመንግሥት ሥራ ሊቆም ይችል ነበር። ለጋዜጠኞች ሲናገሩ እንባ ተናነቃቸው። በዚያ ዋስትና ስኳሯን የምትታከም ጓደኛ ስላለችኝ ያን ምሽት በጣም አዘንኩባቸው።

በአምስተኛው ቀን፣ ጁን 14፣ ሜሊሳ ሆርትማንና ባለቤታቸው ማርክ ቤታቸው ውስጥ በጥይት ተገደሉ። ሴናተር ጆን ሆፍማንና ባለቤታቸው ዪቬትም በዚያው ሌሊት ቆሰሉ። የሆርትማንና የባለቤታቸው አስከሬን ካፒቶል ሲያርፍ እኔም ተሰለፍኩ። የባልና የሚስት ሣጥን ጎን ለጎን፣ ከእነሱ ጋር የውሻቸው የጊልበርት አመድ። ከፊቴ የነበሩ ሽማግሌ ኮፍያቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው ዝም ብለው አለቀሱ። የየትኛው ፓርቲ ሰው እንደሆኑ አላውቅም። በዚያ ድምፅ ዛሬም አልስማማም፤ ግን ዜናውን ከሰማሁበት ቀን ጀምሮ ስማቸውን በጸሎቴ አነሣለሁ።

ባዶ የቀረውን የሆርትማንን ወንበር ሴፕቴምበር 16 የዲኤፍኤሉ ኤክስፒ ሊ አሸንፈውት ቁጥሩ እንደገና 67 ለ67 ሆነ። ስለዚህ በፌብሩዋሪ 2026 ስትሄጂ አፈ ጉባኤዋ ዴሙት፣ ኮሚቴው ሁለት ሰብሳቢ እንደሆነ አስቢ። መጀመሪያ የራስሽን ተወካይና ሴናተር በአድራሻሽ ፈልጊ፤ እያንዳንዱ የሴኔት ክልል «ኤ» እና «ቢ» ተብሎ ለሁለት ተወካዮች ስለሚከፈል ፊደሉን እንዳታሳስቺ። ከዚያ ሁለቱንም ሰብሳቢዎች፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ። ለመመስከር ቀድመሽ ለኮሚቴው ጸሐፊ ኢሜይል ላኪ፤ የሚሰጡሽ ጥቂት ደቂቃ ስለሆነ ከእናትሽ አንድ ቀን ብቻ መርጠሽ ተናገሪ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ማን ምን እንደሚያደርግላቸው። እንግሊዝኛው ካስፈራሽ ጽፈሽ አንብቢ፤ እኔም አንብቤ ነው። ማክሰኞ ማክሰኞ ዕረፍት ነኝ፤ ቀኑ ማክሰኞ ከዋለ አብሬሽ እመጣለሁ።