ጎንደር ዙሪያ መኪና የማይበዛበት የፒስታ መስመር፦ ከኪሎ ሜትሩ በፊት አፈሩንና ወሩን እይ

ወንድሜ፣ የጠየቅኸው «ጎንደር ዙሪያ መኪና የማይረብሸው፣ ከ30 እስከ 50 ኪሎ ሜትር የሚሆን የኮረኮንች መስመር አለ ወይ? ያለኝ ተራ ማውንቴን ሳይክል ነው» ብለህ ነው። መስመሩ አለ፣ ሳይክልህም ይበቃል። ነገር ግን መንገድ የምትመርጠው በርዝመቱ ሳይሆን በአፈሩና በወሩ ይሁን። በታኅሣሥ በደስታ የምትነዳው ፒስታ በሐምሌ ሳይክልህን አሸክሞ ይመልስሃል።

ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ ደባርቅና ወደ መተማ የሚወጡት ዋና መንገዶች ሲኖትራክና አይሱዙ ይበዛባቸዋል፣ ጠርዛቸውም ጠባብ ነው። እነዚህን በሚኒባስ እለፋቸው እንጂ አትንዳባቸው። የምትፈልገው ከእነሱ ተገንጥለው የገጠር ቀበሌዎችን የሚያገናኙትን ገረጋንቲ የፈሰሰባቸው መንገዶች ነው። ከገበያ ቀን በስተቀር እዚያ ላይ አልፎ አልፎ ሞተር ሳይክል ወይም እህል የጫነ መኪና ቢያጋጥምህ ነው። በገበያ ቀን ደግሞ ጠዋት ሰውና አህያ ሁሉ ወደ ከተማው ስለሚጎርፍ መንገዱ ይጨናነቃል።

ሰላሙን ግን ከሁሉ አስቀድም። በዋዜማው የምትሄድበት ቀበሌ ውስጥ ለሚኖር ሰው ደውለህ ጠይቅ፤ ከተማ ውስጥ የሚወራው ብዙ ጊዜ ወይ የዘገየ ነው ወይ የተጋነነ። መታወቂያህን ያዝ፣ ኬላ ላይ ስልክህን ለፎቶ አታውጣ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት በፊት ዋናው መንገድ ላይ ሁን። ነዋሪው «ዛሬ ይቅርብህ» ካለህ ይቅርብህ።

የመጀመሪያ ምርጫዬ የደምቢያ ሜዳ ነው። ጎንደር ወደ 2,100 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ጣና 1,790 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ከቆላ ድባ ከተማ በታች ያለው መሬት ወደ ሐይቁ ቀስ እያለ የሚወርድ ለጥ ያለ ሜዳ ነው። ሳይክልህን ሚኒባስ ላይ ጭነህ በአዘዞ በኩል ቆላ ድባ ውረድ። ከዚያ ዋናውን የጎርጎራ መንገድ በአንድ ጎንህ አድርገህ፣ ከእሱ ሁለት ሦስት ኪሎ ሜትር ገባ ብለህ በመንደሮቹ መሐል ንዳ። ይህን ካደረግህ አትጠፋም፤ ቢደክምህ ወይም ሳይክሉ ቢበላሽ ወደ ዋናው መንገድ ትወጣለህ፣ መኪና ታገኛለህ። ጎርጎራ ድረስ መዝለቅ ከፈለግህ ደብረ ሲና ማርያምን ሳታይ አትመለስ፤ መመለሻህን ግን በመኪና አድርገው። ሽቅቡ የሚከብደው በመጨረሻ ከአዘዞ ወደ ከተማው ስለሆነ እግርህ ሲዝል ነው የሚገጥምህ።

ወሩ ከኅዳር አጋማሽ እስከ ጥር መጨረሻ ነው። ጤፉ ታጭዶ ማሳው ቢጫ ሲሆን፣ ከክረምቱ በቀረው እርጥበት የሚበቅለው ሽምብራና ጓያ ገና አረንጓዴ ነው፤ በአንድ ቀን ጉዞ ሁለት ወቅት ታያለህ። መንገዱ ላይ አውድማ ከተጣለ ወርደህ በዳር እለፍ። የሰው የዓመት ድካም ነውና በጎማ አይረገጥም።

የደምቢያን ዋልካ ማወቅ የግድ ነው። ይህ ጥቁር አፈር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። እርጥብ ሲሆን ከጎማው ጋር ተጣብቆ ይሽከረከርና በቴላዮውና (በሳይክሉ ዋና ብረት) በጎማው መሐል ያለውን ክፍተት ይሞላዋል፣ ገለባ ከተቀላቀለበትም ጭራሽ ይጠነክራል። ያኔ ፔዳሉን በጉልበት መርገጥ ትልቁ ጥፋት ነው፤ የኋላ ማርሽ መቀየሪያው በጭቃ እንደታሰረ ካቴናው ይጎትተዋል፣ የተንጠለጠለበት ብረት ይጣመማል ወይም ራጂው (የጎማው ሽቦ) ውስጥ ገብቶ ይሰበራል። መንኮራኩሩ ከበድ ሲልህ ወዲያው ውረድ፣ በእንጨት ጠርገህ ሳሩ ላይ እየገፋህ ሂድ። ፓራፋንጎ (የጭቃ መከላከያ) ካለህ ለዚህ ጉዞ ቤት አስቀምጠው፤ ጭቃ የሚይዘው መጀመሪያ እሱ ነው። ቤት ስትደርስም ደረቁን ዋልካ በቢላ አትፋቅ፤ እንደ ጡብ ስለሚጠነክር ቀለሙንና ጎሚኒውን ይዞ ይነሳል። ውሃ አፍስሰህበት ሩብ ሰዓት ይራስ፣ ከዚያ በብሩሽ እጠበው፣ ካቴናውን አድርቀህ ዘይት ቀባው።

ድርቀቱም የራሱ ችግር አለው። ከየካቲት በኋላ ስንጥቁ እየሰፋ የፊት ጎማ የሚውጥ ይሆናል፣ በተለይ ከመንገዱ ጋር ትይዩ የሄደው። ከብት በጭቃ ጊዜ የረገጠው ኮቴም ደርቆ እጅህን ያደነዝዘዋል። በነሐሴና በመስከረም ደግሞ የመገጭ ወንዝ ሞልቶ የሐይቁን ዳር ሊያጥለቀልቀው ስለሚችል ያንን ወገን ተወው። ከዝናቡ በኋላ ያሉት ወራት የወባ ናቸውና ሳይመሽ ውጣ።

ሁለተኛው የኮሶዬ ወገን ነው። ከጎንደር በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በደባርቅ መንገድ ላይ ነው፤ ከፍታው ወደ 2,800 ሜትር ይደርሳል። ጠባዩ የደምቢያ ተቃራኒ ነው፦ ብርድ፣ ገብስ፣ ባሕር ዛፍ፣ ድንጋይ የበዛበት ቀላ ያለ አፈር። ውሃ ስለማይቋጥር ክረምቱ እንዳበቃ በመስከረም መጨረሻ፣ አደይ አበባው ሳይረግፍ መንዳት ትችላለህ። በሚኒባስ ውጣ፣ ከአስፋልቱ ተገንጥለህ በአምባው ጀርባ በሚሄዱት ፒስታዎች ንዳ፣ በመጣህበት ተመለስ። ወደ ቆላው አቅጣጫ የሚወስዱት የእግር መንገዶች ያምራሉ፣ ግን ገደል አፋፍ ላይ ያልቃሉ ወይም በደረጃ መሳይ ድንጋይ ይወርዳሉ፤ ለሳይክል አይሆኑም። እዚያ የሚፈተነው ፍሬንህ ነው። ረጅም ቁልቁለት ላይ ያዝ ለቀቅ እያደረግህ ተጠቀምበት፤ ያለማቋረጥ ከያዝኸው ቸርኬው (ጎማው የሚገባበት ክብ ብረት) ይግላል፣ የፍሬኑ ጎማም ይበላል። የፍሬኑ ጎማ ላይ ያለው ስንጥር ከጠፋ ሳትወጣ ቀይረው።

ሳይክሉን ለመፈተሽ ብቻ ከሆነ በአንገረብ ግድብ ወይም በቁስቋም ወገን አንድ ሁለት ሰዓት መዞር ይበቃል። ሰሜን ተራሮች ፓርክንም የሚጠቅስልህ ይኖራል። ውበቱ አያከራክርም፤ ሆኖም የፓርኩ ካምፕ ሳንቃበር ራሱ 3,250 ሜትር አካባቢ ነው፣ ደባርቅ ላይ ፈቃድ መክፈልና ስካውት (የፓርኩ ጠባቂ) መያዝ አለብህ፣ መንገዱም አውቶቡስና የጭነት መኪና ይሄድበታል። አንተ የጠየቅኸው ይህን አይደለም።

አሁን ሳይክልህ። ከ26 በ2.1 ኢንች ያላነሰ ጎማ ይኑርህ። ክብደትህ 70 ኪሎ አካባቢ ከሆነ ከፊት 32፣ ከኋላ 36 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ሙላ፤ ለኮሶዬ ድንጋይ አራት አምስት ጨምር። ጎሚስታ ቤት በመኪና ልክ እንዳይሞሉብህ ቆመህ ተቆጣጠር፣ ጎማው በንፋስ ብዛት ሲደርቅ ኮረኮንቹ ላይ ይነጥርና መሪው ያመልጥሃል። ካላማዳሪው (የውስጡ ጎማ) ሲተነፍስ ቀዳዳውን አንብበው፦ ሁለት ጎን ለጎን ከሆነ ንፋሱ አንሶ በድንጋይና በቸርኬ መሐል ተቆንጥጧል፤ አንድ ጥቃቅን ቀዳዳ ከሆነ ኩርንችት ወይም የግራር እሾህ ነው። እሾኹን ሳታወጣ አዲስ ካላማዳሪ ብትከት በአምስት ደቂቃ ይደግምሃል፤ የጎማውን ውስጥ በጨርቅ ዙሪያውን ዳብስ፣ ክሩ ሲይዝ እዚያው ነው።

ሁለት ካላማዳሪ፣ ማስቲሽና ልጣፊ፣ የእጅ መንፊያ፣ ሁለት የጎማ መፈልቀቂያ፣ የካቴና መፍቻ ያዝ። የ26 ካላማዳሪ ማግኘት ይቀላል፤ ጎማህ 29 ከሆነ ከቤት ካልያዝህ ገጠር ላይ አታገኝም። ቫልቭህ ቀጭኑ ዓይነት ከሆነ የጎሚስታው መሙያ አይገባበትም፣ ትንሿን የናስ መቀየሪያ ኪስህ ውስጥ አድርግ። ውሃ 3 ሊትር፤ ከምንጭ ከቀዳህ በውሃ አጋር (የውሃ ማከሚያ ክሎሪን) አክመው፣ ግማሽ ሰዓት ጠብቀህ ጠጣ።

ጭነት ያለባት አህያ ወይም የከብት መንጋ ስትደርስ ከሩቅ ድምፅህን አሰማ፣ «እንዴት ዋላችሁ» በል፣ ከሳይክሉ ውረድ። ገደላማ ቦታ ከሆነ በተራራው ወገን ቁም፤ በገደሉ ወገን ከቆምህ የደነገጠ በሬ ይገፋሃል። ውሻ ከመጣ መሮጥ ያባብሰዋል፣ ውረድና ሳይክሉን በመሐላችሁ አድርገህ በዝግታ እለፍ፣ ባለቤቱ ይጠራዋል።

ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ስታስጭን ካቴናው ያለበት ጎን ወደ ላይ ይሁን፣ አለዚያ ማርሽ መቀየሪያው በክብደቱ ይጣመማል። ገመዱ በቴላዮው እንጂ በራጂው አይለፍ። የሳይክሉን ሒሳብም ከረዳቱ ጋር ሳይጫን በፊት ጨርስ፣ ሲወጡና ሲመለሱ ዋጋው አንድ አይሆንምና።