መልስ፦ 644 ከሰጠሁት በኋላ ፎልደሩ አላስገባኝም አለ

አይዞህ ወንድሜ፣ ፋይሎችህ አልጠፉም። በሲኤችሞድ (በሊኑክስ የፋይልና የፎልደር ፈቃድ በሚቀይረው ትእዛዝ) ፎልደሩን ከነውስጡ 644 አደረግኸው፤ ችግሩ እዚያ ላይ ነው።

ሦስቱ አሃዞች በተራ የባለቤቱ፣ የቡድኑና የሌሎች ሰዎች ፈቃድ ናቸው፤ እያንዳንዱ አሃዝ የፈቃዶች ድምር ነው። ማንበብ 4፣ መጻፍ 2፣ ማስኬድ 1 ነው። 6 ማለት ማንበብና መጻፍ ብቻ። ለተራ ፋይል ይበቃል። ለፎልደር ግን ያቺ 1 የበር ቁልፍ ናት። እሷ ከሌለች የፋይሎቹን ስም ብታይ እንኳ መግባት አትችልም።

ሲኤችሞድ ብለህ ሰረዝና ትልቁን አር (ከነውስጡ ማለት ነው) ጻፍ፦ chmod -R። ቀጥለህ ትንሿን ኤ (ለሁሉም ማለት ናት)፣ የመደመር ምልክትና ትልቁን ኤክስ አያይዘህ a+X ብለህ ጻፍ፤ ከዚያ የፎልደሩን ስም። ትልቁ ኤክስ ቁልፉን ለፎልደሮች ይሰጣል፣ ተራ ፋይሎችን አይነካም። ፎልደሮቹ 755 ይሆናሉ። ስክሪፕቶች (እንደ ፕሮግራም የሚሄዱ የትእዛዝ ፋይሎች) ከነበሩህ ግን የማስኬድ ፈቃዳቸውን ለየብቻ መልስላቸው።

ለሁሉም ሙሉ ፈቃድ በሚሰጠው 777 ልገላገል እንዳትል፣ አደራ! ማንም የማሽኑ ተጠቃሚ ፋይልህን መቀየር ይችላል።