ትግሉን ልተው ወይስ ልቀጥል?

ጥያቄ፦ አሜሪካ ውስጥ የሁለተኛ ዓመት የኮሌጅ ተማሪ ነኝ። በ157 ፓውንድ የክብደት ምድብ ለኮሌጁ የትግል ስፖርት (ሬስሊንግ) ቡድን እወዳደራለሁ። ዲስሌክሲያ፣ ማለትም ማንበብን የሚያከብድ ችግር፣ አለብኝ። ሃይስኩል ድጋፍ ነበረኝ፤ እዚህ ግን ለማንም አልተናገርኩም። አሁን ጂፒኤዬ ወርዷል። የስፖርት መምህርና የትግል አሰልጣኝ መሆን እፈልጋለሁ። ትግሉን ትቼ ትምህርቴ ላይ ላተኩር? ቀጣሪስ ቢያውቅብኝ?

መልስ፦ ሰላም ወንድሜ፣

በዚህ ምክንያት ትግሉን አትተው። የልምምዱን ሰዓት ለንባብ ብታውለው እንኳ ያው ብቻህን፣ ያለ ድጋፍ ነው የምታነበው።

ሃይስኩል እያለህ ትምህርት ቤቱ ራሱ ስብሰባ ጠርቶ፣ እቅድ አውጥቶ፣ ወላጅ አስፈርሞ ይጨርስልህ ነበር። ኮሌጅ ስትገባ ያ እቅድ ያበቃል። ብዙ ተማሪ ይሄን የሚነግረው የለም። መብትህ ግን አልጠፋም፤ እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣው የአሜሪካ የተሃድሶ ህግ አንቀጽ 504 እና የ1990ው የአካል ጉዳተኞች ህግ አሁንም ይሸፍኑሃል። ልዩነቱ አሁን ጠያቂው አንተ መሆንህ ነው።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት የኮሌጁን የአካል ጉዳተኞች አገልግሎት ቢሮ ሂድ። ለፈተና ተጨማሪ ሰዓት፣ ጸጥ ያለ ክፍል፣ መጽሐፉን የሚያነብልህ ሶፍትዌር ጠይቅ። ሶፍትዌሩ ለአንተ በተለይ ይጠቅምሃል፤ ለውድድር ስትጓዙ አውቶቡስ ውስጥ ጆሮህ ላይ ሰክተህ ምዕራፉን ትጨርሳለህ። አትዘግይ፤ እንዲህ ያለው ማስተካከያ በአብዛኛው ከተፈቀደልህ በኋላ እንጂ ወደኋላ ተመልሶ አይሠራም። ያለፈውን ፈተና አያድስልህም።

ቢሮው የሚሰጥህን ደብዳቤ ለመምህሩ በኢሜይል ልከህ ዝም አትበል። የመምህሩ ቢሮ ድረስ ሂድና እንዲህ በለው፦ «ትምህርቱ ይገባኛል። የሚያቆየኝ ማንበቡ ነው። ፈተናውን በተጨማሪ ሰዓት ነው የምወስደው፤ ቀኑን ከአሁኑ ብንነጋገር?» በቃ። የልጅነት ታሪክህን መተረክ አይጠበቅብህም።

ሌላው የኮርስ አመራረጥህ ነው። የውድድር ወቅታችሁ ከኖቬምበር እስከ ማርች ነው፤ ትልልቆቹ ውድድሮች ከሚድተርም ጋር ይጋጫሉ። ኪሎ እየቀነስክ፣ ተርበህ፣ ሦስት ንባብ የሚበዛባቸው ኮርሶች መያዝ እብደት ነው። ከባዱን ውድድር ለሌለበት ለክረምቱ (ለሰመር) አድርገው። ግን ከ12 ክሬዲት በታች የሚያወርድህን ኮርስ ከመጣልህ በፊት የስፖርት ክፍሉን የደንብ ኃላፊ አነጋግር፤ ሳትጠይቅ ከጣልክ መወዳደር ልትከለከል ትችላለህ።

ደራሲው ጆን ኧርቪንግ ዲስሌክሲያ ያለበት ታጋይ ነበር፤ በ1992 በብሔራዊው የትግል የክብር አዳራሽ ስሙ ሰፍሯል። እውነቱን ለመናገር እንዲህ ዓይነት ታሪክ ብዙም አልወድም። ወኔ ብቻ ይበቃል የሚል ይመስላል። የእሱን ያነሳሁት ሃይስኩል ለመጨረስ አምስት ዓመት ስለፈጀበት ነው። ታሪኩ ሲወራ ያቺ አምስተኛ ዓመት ትዘለላለች።

ወደ ሥራው እንምጣ። የሙሉ ሰዓት የኮሌጅ አሰልጣኝነት ቦታ ጥቂት ነው፣ ፉክክሩም ከባድ ነው። ሃይስኩል ላይ ደግሞ ማሰልጠን አብዛኛውን ጊዜ ከማስተማሩ ጎን በትንሽ ክፍያ የሚሠራ ነው። ስለዚህ እንጀራህ የመምህርነት ፈቃዱ ነው። ፈቃዱን የሚሰጠው ስቴቱ ሲሆን፣ በብዙ ስቴቶች ፕራክሲስ የሚባለውን ፈተና ይጠይቃሉ። እዚያም ተጨማሪ ሰዓት ይፈቀዳል፤ ማመልከቻው ግን ጊዜ ይወስዳል፣ የፈተና ቀን ከመያዝህ በፊት ጀምረው።

ቀጣሪን በተመለከተ፣ በህጉ መሠረት ሥራውን ሳይሰጥህ በፊት የአካል ጉዳት አለብህ ወይ ብሎ መጠየቅ አይችልም። አንተም የመናገር ግዴታ የለብህም። ሥራ ላይ ማስተካከያ ካስፈለገህ ግን መናገርህ አይቀርም። እኔ ብሆን ከተቀጠርኩ በኋላ፣ የሚያስፈልገኝን ነገር ለይቼ እናገራለሁ።

ሲቪህ ላይ ደግሞ «የትግል ስፖርተኛ» ብለህ አትለፈው። አዳዲስ ልጆችን አለማምደህ ከሆነ፣ የተጋጣሚን ቪዲዮ ተንትነህ ከሆነ፣ የክረምት ካምፕ ላይ ሕፃናትን አስተምረህ ከሆነ ጻፈው። ርዕሰ መምህሩ የሚፈልገው እሱን ነው። ከመላክህ በፊት አንድ ሰው ያንብብልህ፤ እኔም የራሴን አስነብባለሁ።

አንድ የቀረ ነገር፦ የአካል ጉዳተኞች አገልግሎት ቢሮው የምርመራ ማስረጃ ይጠይቅሃል። የሃይስኩሉን ወረቀት ቤተሰብ ይፈልግልህ። አርጅቷል ቢሉህ እንኳ በራስህ ወጪ አዲስ ምርመራ ለማድረግ አትቸኩል፣ ዋጋው ይጎዳል። መጀመሪያ ያለህን አሳያቸውና ምን እንደጎደለ ይንገሩህ።