ደሞዝ ወር ከወር በማያደርስበት ቤት ስንቅ ከየት ይጀመራል?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ሁለት ልጆች አሉሽ። የምትኖሩት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ፣ በኪራይ ነው። ለአንድ ወር የሚበቃ ምግብና ውሃ ቤትሽ እንዲኖር ትፈልጊያለሽ፤ በአንድ ጊዜ የምትገዢበት ብር ግን የለሽም። ባለቤትሽ ደግሞ "ብሩን ባንክ እናስቀምጠው" ይላል። እኔም አዲስ አበባ፣ ጠባብ ቤት ውስጥ ቤተሰብ ይዤ ነው ቀስ በቀስ ያጠራቀምኩት። የማውቀውን ልንገርሽ።

ለስንቅ ብለሽ አትበደሪ። ለየት ያለ "የድንገተኛ ጊዜ ምግብ" የሚባል ነገርም አትፈልጊ። ቤትሽ በየቀኑ የሚበላውን ትንሽ አብልጠሽ ግዢ፤ በቃ። አስቤዛ በወጣሽ ቁጥር አንድ ነገር ብቻ ጨምሪ። በዚህ ወር አንድ ዘይት፣ በሚቀጥለው ሁለት ኪሎ ምስር፣ ከዚያ ጨውና ስኳር። አዲሱን ከኋላ አስቀምጪ፣ አሮጌውን ከፊት ብይ። ልጆችሽ የማይበሉትን ነገር ርካሽ ነው ብለሽ አታከማቺ። ችግር በመጣ ቀን ልጅ አዲስ ምግብ አይለምድም።

መጠኑን ለመገመት የዕርዳታ ድርጅቶች የሚጠቀሙበት ስሌት ይረዳል። ለአንድ ሰው በቀን 400 ግራም እህል፣ 60 ግራም ጥራጥሬ፣ 25 ግራም ገደማ ዘይት ይይዛሉ። ለአራት ሰው ለአንድ ወር ስትመቺው 48 ኪሎ እህል፣ ከ7 ኪሎ ትንሽ ከፍ ያለ ጥራጥሬ፣ ከ3 ሊትር ትንሽ ከፍ ያለ ዘይት ይመጣል። ግማሽ ኩንታል እህል ማለት ነው። እህሉ ሁሉ ጤፍ መሆን የለበትም። ሩዝ፣ ፓስታ፣ መኮሮኒ፣ የገብስ ቅንጬ ሁሉም ከዚሁ ይቆጠራል። እንዲህ ሲታይ ያን ያህል የሚያስፈራ አይደለም።

አሁን ዋናው ነገር፦ ወቅቱን ጠብቂ። አብዛኛው ሰው የሚከስረው እዚህ ጋ ነው። ጤፍ ኅዳርና ታኅሣሥ ታጭዶ ተወቅቶ ከጥር ጀምሮ ገበያው ይሞላል። ዋጋው ሻል የሚለው ያኔ ነው። ሰኔ ከገባ በኋላ እስከ መስከረም ድረስ ገበሬውም ጎተራው ይጎድላል፣ መንገዱም ይጨቀያል፣ ዋጋውም ይወጣል። ሽምብራና ምስር ጥርና የካቲት አካባቢ ይደርሳሉ። በርበሬም ያው በበጋ ነው። ማረቆም ሆነ አላባ፣ ዛላውን በደንብ የምታደርቂበት ፀሐይ የምታገኚው ክረምት ከመግባቱ በፊት ነው። ስለዚህ የዓመቱን ትልልቅ ግዢ ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ አድርጊው። ለዚህ ደግሞ ዕቁብ አለልሽ። ከመሥሪያ ቤት ጓደኞችሽ ወይም ከብሎክሽ ሴቶች ጋር አነስ ያለ የጤፍ ዕቁብ ጣሉ፤ ዕጣሽ ጥር ወይም የካቲት ላይ እንዲሆን ቀድመሽ ተነጋገሪ። አንድ ኩንታል ገዝቶ ለሁለት መካፈልም ያዋጣል። መርካቶ ያለው የእህል ገበያ፣ እህል በረንዳ ድረስ መሄድ ባትችዪ የሰፈርሽን የሸማቾች ማኅበርና የእሁድ ገበያ ሳታዪ ከሱቅ በኪሎ አትግዢ።

እህሉን ሳይፈጭ አቆዪው። ዱቄት ቶሎ ይሻግታል፣ ይነቅዛል። ጤፍ ፍሬው ደቃቅ ስለሆነ ነቀዝ እምብዛም አይደፍረውም፤ እርጥበት ካልነካው ዓመታት ይቆያል። ከሲሚንቶው ወለል ከፍ አድርገሽ፣ ከግድግዳ ራቅ አድርገሽ፣ በጣውላ ላይ አስቀምጪው። ግን መብራት ሲጠፋ ወፍጮ ቤቱም እንደሚቆም አስቢ። ስለዚህ የሁለት ሦስት ሳምንት ዱቄት ሁልጊዜ ተፈጭቶ ይኑርሽ።

ጥራጥሬ ላይ ነው ጥንቃቄው። ሽምብራ በተለይ የነቀዝ ወዳጅ ናት። ገዝተሽ እንደመጣሽ ልቀሚ፣ አንፍሺ፣ ፀሐይ ላይ አስጪ። መድረቁን ለማወቅ ቀላል መንገድ አለ። ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ ጥቂት ፍሬና ትንሽ ደረቅ ጨው ጨምረሽ ነቅንቂው፤ ለጥቂት ደቂቃ ተይውና እዪ። ጨው ጠርሙሱ ጎን ላይ ከተጣበቀ ገና እርጥበት አለው። ሲደርቅ ንጹሕና ደረቅ የሆነ የሃይላንድ ጠርሙስ እስከ አንገቱ ድረስ ሙዪና ክዳኑን ጥብቅ አድርጊ። ውስጥ የቀረ ነቀዝ ካለ ያለችውን አየር ጨርሶ ይሞታል። ለገበሬዎች የሚሸጠው ባለ ሦስት ድርብ የፒክስ ከረጢትም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ጠርሙሱ ግን ለአንቺ ቤት ይሻላል፤ አንዱን ስትከፍቺ ሌላው እንደታሸገ ይቆያል፣ ሶፋ ሥርም አልጋ ሥርም ይገባል።

አንድ ነገር በጥብቅ እለምንሻለሁ። ገበያ ላይ የሚሸጠውን የነቀዝ ክኒን ወደ ቤትሽ አታስገቢ። ፎስፊን የሚባል ጋዝ ይለቃል፤ ሰው ተኝቶ በሚያድርበት ቤት ውስጥ ይገድላል። እህል ቢነቅዝ ይነቅዝ፣ ከልጅ አይበልጥም። የሻገተ በርበሬና ኦቾሎኒም እንዲሁ ነው። ሻጋታው የሚያመነጨው አፍላቶክሲን በመቁላትም በፀሐይም አይጠፋም። ጣዪው። ሽሮንም ከቻልሽ አተሩንና ሽምብራውን ራስሽ ገዝተሽ አስፈጪ። የተፈጨ ሽሮ ውስጥ ጓያ ቢቀላቀል በዓይን አትለዪውም፤ ጓያ ደግሞ ለረጅም ጊዜ በብዛት ሲበላ እግር ያሽመደምዳል።

አሁን ደግሞ ብዙዎች የሚረሱት። ቤት ሙሉ ጤፍ ይዘሽ መብራት ለቀናት ቢጠፋ ምጣድሽ አይሠራም። ስለዚህ ከስንቅሽ ውስጥ ሳይበሰል የሚበላ መኖር አለበት። ይህን እናቶቻችን ከማንም በፊት ያወቁት ነገር ነው። በሶ አለ፤ ገብሱ ተቆልቶ የተፈጨ ስለሆነ ውሃና ጨው ወይም ስኳር ብቻ ይበቃዋል። ጭኮ አለ፤ በሶው በንጥር ቅቤ ታሽቶ ሲቀመጥ ብዙ ይቆያል፣ አንድ ጉርሻው ያጠግባል። ቆሎ አለ፣ ዳቦ ቆሎ አለ። እንጀራ ሲተርፍሽ አድርቀሽ ድርቆሽ አድርጊው፤ ከቋንጣ ጋር ወይም በጾም በስልስ ፍርፍር ይሆናል። ሥጋ ለመግዛት እጅሽ ካጠረ ቋንጣውን ተይው፣ ግዴታ አይደለም። ዐቢይ ጾምን 55 ቀን በሽሮና በምስር የሚያሳልፍ ቤት የጥራጥሬ ስንቅ አያስቸግረውም። ለትናንሾቹ ግን ጥቂት የዱቄት ወተት ያዢ።

ውሃውን እንደ ምግቡ ቁጠሪው። ለመጠጥና ለማብሰል በቀን ለአንድ ሰው 4 ሊትር ያዢ። ለአራት ሰው ለሳምንት 112 ሊትር፣ ማለትም ስድስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ከምግቡ በፊት ነው የሚቀድመው። በየወሩ አንድ ጀሪካን ግዢ። የመጠጡን ለብቻው ምልክት አድርጊበት፣ ፈረቃው በመጣ ቁጥር አሮጌውን ለልብስ አውርደሽ አዲስ ቅጂ። ከተጠራጠርሽ ውሃ አጋር የሚባለውን የውሃ ማከሚያ ጠርሙሱ ላይ በተጻፈው መጠን ጨምረሽ 30 ደቂቃ ጠብቂ፣ ወይም አፍልተሽ አቀዝቅዢ።

ማብሰያ ቡታጋዝ ካለሽ ትርፍ ሲሊንደሩን ሰገነት ላይ አድርጊ። ከሰል ከሆነ ደግሞ ማብሰያው ሰገነት ላይ ነው እንጂ ቤት ውስጥ አይደለም። ብርድ ነው ብለሽ ምድጃ መኝታ ቤት አስገብተሽ በር አትዝጊ። ጭሱ ባይታይም፣ ፍሙ ቢያምርም ይገድላል። በየዓመቱ የምንሰማው ነው።

ከመድኃኒት በኩል ብዙዎቻችን ለምለም የምንለውን፣ ተቅማጥ ለያዘው ሰው በውሃ ተበጥብጦ የሚሰጠውን ኦአርኤስ ጥቂት ፓኬት ያዢ። ካጣሽ ደግሞ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጪ፤ ማንኪያው ልሙጥ ይሁን። ቤት ውስጥ የስኳር ወይም የደም ግፊት ሕመምተኛ ካለ የአንድ ወር መድኃኒት ቀድሞ መግዛት ከጤፉም ይቀድማል። ባትሪ፣ ክብሪት፣ ሻማ፣ ፓወር ባንክ፣ የልደት ሰርተፍኬትና መታወቂያ በላስቲክ ተጠቅልሎ፤ ይህ ያው የታወቀ ነው።

ግርግር ሲነሳ ግን ወጥተሽ አትሻሚ። መጋቢት 2012 ላይ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ የተነገረ ሰሞን ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ ምን ያህል እንደተወደደ ታስታውሺያለሽ። ያኔ ብዙ የሚገዛው ብር ያለው ነው፣ የሚያጣው ደግሞ የቀን ሠራተኛው ነው። በሰላሙ ጊዜ በየወሩ የምትጨምሪው አንድ ኪሎ ማንንም አይጎዳም።

ባለቤትሽ ያለውን በተመለከተ፣ ሁለቱም ያስፈልጋል። ሐምሌ 2016 ላይ የምንዛሪ ሥርዓቱ ከተለወጠ ወዲህ ዘይት የገዛ ሰው ብር ሲያድር ምን እንደሚሆን አይቷል። ታኅሣሥ ላይ ግን ለጤፉ የሚሆን ተቀማጭ ከሌለሽ የጥርን ዋጋ እያየሽ ታልፊዋለሽ። ስለዚህ የጤፉን ብር ባንክ ያስቀምጥልሽ፤ በየወሩ የሚገዛው ትንሽ ትንሹ ቤት ይግባ። ከዚህ ሌላ የአንድ ሳምንት ወጪ የሚሸፍን ጥሬ ብር፣ በ50 እና በ100 ተዘርዝሮ፣ ቤት ይቀመጥ። ኔትወርክ ሲጠፋ ኤቲኤሙም ቴሌብሩም አይሠሩም፣ ባለ ሱቁም ለ200 ብር መልስ የለውም።